«እኔ» የምትባለው ቃል

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ምሩቅ ሁሉ የሚፈራት አንዲት ጥያቄ አለች። የትምህርቱን ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በእሱስ አራት አምስት ዓመት ሙሉ ስንፈተን ኖረናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሮልናል። የምታስፈራው፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳንደላደል ከጠረጴዛው ማዶ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ጣል የሚያደርጓት ናት። «እስቲ ስለ ራስህ ትንሽ ንገረን» ይላሉ።

ትንሽ! እንዴት ያለች ትንሽ ናት እናንተዬ? ስለ ኒውተን ቢጠይቁን እንነግራቸዋለን። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቢጠይቁን እስኪበቃቸው እንነግራቸዋለን። ወደ ራሳችን ሲመጣ ግን ምላስ ይተሳሰራል። መቼም አይፈረድብንም፤ ግቢ ከገባን ጀምሮ ስለ ራሳችን የጠየቀን ሰው ቢኖር የመኝታ ክፍሉ ፕሮክተር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የፈለገው የመታወቂያ ቁጥራችንን ነው።

ቀድሞ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ወርዶ፣ ጋዜጣ በኪራይ እያነበበ ነበር ማስታወቂያ የሚለቅመው። ዛሬ በቴሌግራም ከአልጋችን ድረስ ይመጣልናል። ቃለ መጠይቁ ግን አሁንም በእግር ተሂዶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ባለፉት ጥቂት ወራት ከእኛ መኝታ ክፍልና ከጎረቤት ክፍሎች ስድስት ልጆች ሄደው ሲመለሱ አይቻለሁ። የሚመለሱት በሁለት ዓይነት ፊት ነው። አንዱ «ምንም ሳልናገር ወጣሁ» ይላል። ሌላው «ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግን ፊታቸው አላማረኝም» ይላል። እንግዲህ በመካከል ያለው መንገድ የት ነው እያልን ማታ ማታ ስንጨቃጨቅ ከርመናል።

መጀመሪያ ዝም የሚለውን ልጅ ላንሳ፤ አብዛኞቻችን እሱን ነንና። ይኸ ልጅ ዝምታን ዩኒቨርሲቲ አልተማረውም፤ ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው። በእኛ ቤት እንግዳ መጥቶ «ልጁ ትምህርት እንዴት ነው?» ሲል የምትመልሰው እናቴ ነበረች። «ኧረ ተዉኝ እቴ፣ ኳስ ሲያሳድድ ነው የሚውለው!» ትላለች። ከክፍል 2ኛ የወጣሁበት ካርድ ግን ያን ጊዜ ከሣጥኗ ውስጥ፣ ከክት ነጠላዋ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንዲህ የምትለው ትሑት ስለሆነች ብቻ አይደለም። ዓይን ፈርታ ነው። የተመሰገነ ልጅ ዓይን ይበላዋል፣ ቡዳ ያየዋል፤ ስለዚህ «የማይረባ» ብሎ መሸፈኑ ይሻላል። ሃያ ሁለት ዓመት ይኸን ጋሻ ያስያዙት ልጅ፣ አንድ ቀን ከረባት አስሮ ከማያውቃቸው ሰዎች ፊት ሲቀመጥ ጋሻውን የት ያስቀምጠው?

ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ቢሆን አያግዘውም። «ዝም አይነቅዝም» ይለዋል። ዞር ሲል ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይለዋል። ሁለቱን ያስተማረው ያው አንድ ሰፈር፣ ምናልባትም ያው አንድ ሽማግሌ ነው።

አገራችን ራስን ማወደስ አታውቅም የሚል ሰው ካለ ግን ሠርግ ቤት ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ሽለላና ፉከራ የማን ነው? «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ፣ ይህን ሠራሁ ያን ጣልሁ እያለ ከጌታው ፊት መናገር የጀግና ወግ ነበር። መኳንንቱና ነገሥታቱም በፈረስ ስማቸው ይወደሱ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ታዲያ ያ ፎካሪ ጉረኛ ያልተባለው ለምንድን ነው?

እንደሚመስለኝ ፎካሪው የሚናገረው ጊዜና ቦታ ተሰጥቶት ነው፤ ግብር ሲበላ፣ ዘመቻ ሲነሣ፣ ድል ሲሆን። ያለ ቦታው የፎከረ ሰካራም ይባላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ፎካሪው «ጀግና ነኝ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ እገሌን ይላል። የሚሰሙትም አብረውት የዘመቱ ሰዎች ናቸው። ቢዋሽ «ኧረ አንተ፣ ያን ዕለት ከስንቅ አህዮች ጋራ ከኋላ አልነበርህም እንዴ?» የሚለው አይጠፋም። በምስክር ፊት፣ ቦታና ቀን ተጠርቶ የተነገረ ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት ነው፤ ውሸት ከሆነም እዚያው ይጋለጣል። ጉራ የምንለው ያን ሁሉ የሌለውን ነው። ጉረኛ ቦታ አይጠራም፣ ቀን አይቆርጥም፤ ቅጽል ብቻ ይደረድራል።

ከረባት ያሰረው ወንድማችን ጠረጴዛውን ዘሎ «ዘራፍ!» ይበል አላልሁም። ጥበቃ ይጠራበታል። ነገር ግን «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ቦታውና ጊዜው ተሰጠው ማለት ነው። ጠያቂዎቹ ግብር አብልተው «እስቲ ተናገር» እንዳሉት ይቁጠረው፤ ያን ሰዓት ዝም ማለት የጠሩትን ሰዎች ማሳፈር ነው።

ቅጽል ስለ መደርደር ካነሣሁ፣ ከስድስቱ አንዱ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ሲያጠና የከረመ ነው። ተራው ሲደርስ «ታታሪ ነኝ፣ በራሴ የምተማመን ነኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ፣ ጫና የማይበግረኝ ነኝ» ብሎ ዘረዘረላቸው። ድክመትህስ ሲሉት «ሥራ ማብዛቴ» አለ። ይኼኔ አንዲት ሴትዮ ብዕራቸውን አስቀምጠው «እስቲ ጫና የበዛብህን አንድ ቀን ንገረን» አሉት። ቀን አልነበረውም። ልጁ ግን በእውነት ታታሪ ነው፤ የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራቱ እንቅልፍ የነሳኝ እኔ ምስክሩ ነኝ። ችግሩ «ታታሪ» የሚለው ቃል የሰሚው ንብረት መሆኑ ነው። እኛ ቀኑን እንነግራቸዋለን፤ «ታታሪ ነህ» የሚሉን እነሱ ናቸው። ቃሉን ቀድመን ከአፋቸው ስንነጥቃቸው ቅር ይላቸዋል፤ ማንስ ቢሆን ቅር አይለውም?

ሌላው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው። የእሱ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ለተግባር ልምምድ በወጣበት ፋብሪካ አንድ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ፣ ሦስት ጊዜ ሽቦው እንደ አዲስ ተጠምጥሞለታል። ሁሉም ሰው የሚመረምረው ሞተሩን ነው። ይኸ ልጅ ግን ቴስተሩን ይዞ ከመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ጀመረ። በኮንታክተሩ ላይ ከሦስቱ መስመሮች የአንዱ ብሎን ላልቷል፤ ሲግል መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲሮጥ የነበረው ሞተር በሁለት ፌዝ ብቻ መሮጡን ይቀጥልና ያለ ልኩ ኤሌክትሪክ ስቦ ይነዳል። ሊጠብቀው የተቀመጠው ሪሌም ከሞተሩ አቅም በላይ ተስተካክሎ ኖሯል፤ ስለዚህ አላቋረጠውም። ልጁ የነደደውን የሽቦ ጫፍ ቆረጠ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ሪሌውን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ልክ መለሰው። ልምምዱ እስኪያልቅ በቀሩት ስድስት ሳምንታት ያ ሞተር አልተቃጠለም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በልምምድ ጊዜያችን የሞተር ብልሽት አጋጥሞ ነበር፤ ችግሩ ተገኝቶ ተስተካክሏል።» በቃ። ጠያቂዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ማን አገኘው? ማን አስተካከለው? ጨሌ? ልጁ ሥራውን አላገኘም።

አማርኛችንን መመርመር የጀመርነው በዚያን ዕለት ማታ ነው። ለካ በአማርኛ «እኔ» ሳይሉ ስለ ራስ መናገር ይቻላል። ግሡ ከጫፉ ላይ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ «ሠራሁ» ስንል ያቺ «ሁ» እኔ ናት። መሰላል ብናደርገው አራት ደረጃ ይወጣዋል። «ተሠራ» ሲባል ሰው የለበትም። «ሠራነው» ሲባል ሰው አለ፤ ግን ከሕዝብ መካከል ተደብቋል። «ሠራሁት» ሲባል አለሁ ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» ሲባል ሌላው ሁሉ ገለል ይበልልኝ ነው። ዓይን አፋሩ ከታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች አይወጣም፤ ጉረኛው ከላይኛዋ አይወርድም። ሦስተኛዋ ደረጃ ባዶዋን ቀርታለች። ትዕቢት የሚሸተው ሳትጠራ በመጣችው «እኔ» ላይ እንጂ በ«ሁ» ላይ አይደለም። ደግሞስ «ተሠራ» ማለት ትሕትና ነው ያለው ማን ነው? መሰወር ነው እንጂ።

ብዙው ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ መሆኑን አልዘነጋሁም። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ከግሡ ጫፍ ላይ ሊለጥፍ አይችልም፤ በየዐረፍተ ነገሩ መግቢያ ላይ «አይ» ማለት ግዴታው ነው። የእኛ ልጅ ይህችን «አይ» በሰማ ቁጥር በጆሮው የምትገባው «እኔ» ሆና ነው፤ ያውም ደረቷን የነፋችው «እኔ»። ስለዚህ ይሸሻትና «ዊ፣ ዊ» ሲል ይውላል። ለእንግሊዝኛው ጆሮ ግን ያቺ «አይ» ከ«ሁ» የምትበልጥ አይደለችም፤ ሳትታወቅ ነው የምታልፈው። ይኸን የተረዳ ልጅ ግማሽ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

«እኛ» በእውነት እኛ የሆነበት ጊዜም አለ፤ እሱን መካድ ነውር ነው። የሞተሩም ነገር ቢሆን፣ ዋናውን መስመር የዘጉለት የፋብሪካው አንጋፋ ኤሌክትሪሽያን ናቸው፤ «እንዳትነካው፣ መጀመሪያ ልዝጋልህ» ብለው። ይኸ ቢነገር የልጁ ድርሻ ያንሳልን? እኔ እንጃ፤ ስሰማው የበለጠ አመንሁት። የሌላውን ድርሻ በልኩ የሚሰፍር ሰው የራሱንም በልኩ ሰፍሯል ብዬ።

ደግሞ የሽማግሌ ነገር አለ። ሚስት ለማጨት ሽማግሌ ይላካል እንጂ ልጁ ራሱ ከልጅቷ አባት ደጅ ቆሞ «ጨዋ ነኝ፣ አመሌ መልካም ነው» አይልም። ቢል ውሻ ይለቀቅበታል። አሜሪካ ውስጥ ጄፍሪ ፌፈር፣ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይናገራል፤ ሰው ራሱን ከሚያወድስ ሌላ ሰው ቢያወድሰው በሰሚዎች ዘንድ ይበልጥ ይወደዳል፤ አወዳሹ ሊጠቀም የሚናገር ወኪል መሆኑ ቢታወቅ እንኳ። ሽማግሌዎቻችን ይኸን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ግን ሽማግሌ ይዞ አይገባም። የሚቻለው ሰዎች ያደረጉትን መናገር ነው። «አለቃዬ ጎበዝ ነህ አሉኝ» ከማለት «ከዚያ በኋላ አለቃዬ ሌሎች ሁለት ማሽኖች እንድመረምር ሰጡኝ» ማለት ይበልጣል፤ ሰውዬው ቢደወልላቸው የሚመሰክሩት ነገር ነዋ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለወንድ ልጅ የሚቀል ነው። ይኸን ያሳየችኝ የስታትስቲክስ ክፍል ተማሪ የሆነች ጓደኛችን ናት። እሷ ሦስተኛዋን ደረጃ ያወቀችው እኛ ሳንነግራት ነው። የመመረቂያ ጥናቷን መረጃ እንዴት እንደ ሰበሰበች፣ የት ላይ እንደ ተሳሳተ፣ እንዴት እንዳረመችው፣ በ«ሁ» ብቻ፣ አንዲት ቅጽል ሳትጨምር ነገረቻቸው። አንዱ ጠያቂ ፈገግ ብለው «አንቺ እንኳ ደፋር ነሽ» አሏት። ደፋር ማለት ለወንድ ሲሆን ምን እንደሆነ፣ ለሴት ሲሆን ምን እንደሆነ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ የዓይን አውጣ ታናሽ እህት ናት። ሎሪ ረድማን የምትባል የሥነ ልቡና ተመራማሪም በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይኸንኑ አግኝታዋለች፤ ችሎታዋን የምትናገር ሴት ችሎታ እንዳላት ይታመንላታል፣ ግን ትጠላበታለች፤ ያውም በሴቶች ዘንድ ጭምር። ይኸን ለጓደኛችን ብነግራት ሳቀች።

«ታዲያ ዝም ብልስ "ምንም አታውቅም" ሊሉኝ አይደል?» አለች። «ከተሰደብኩ አይቀር፣ ሥራዬን ተናግሬ ልሰደብ።»

ለዚህ መልስ የለኝም። ለእሷ የሚመከር ዘዴም አልፈልግም፤ መታረም ያለበት የጠያቂዎቹ ጆሮ ነው።

አባቴ በበኩሉ ይኸ ሁሉ ጭንቀታችን አይገባውም። «ሥራህ ይናገር» ይለኛል በስልክ። እሱ በ1979 ዓ.ም. ሲመረቅ ምሩቅን የሚመድበው መንግሥት ነበር። ስሙ ከዝርዝር ላይ ወጣ፤ ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሄደህ ፊዚክስ አስተምር ተባለ፤ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ስለ ራስህ ንገረን ያለው አልነበረም። በዚያ ላይ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሁለቱ ታናናሾቼ ገና ተማሪ ናቸው፤ ቀጥሎ ደመወዝ ወደ ቤት የሚልከው ማን እንደሆነ ሳይነገር የታወቀ ነው።

«አባዬ፣ ሥራዬ እኮ አብሮኝ ክፍል ውስጥ አይገባም» አልሁት። «እኔ ካልተናገርኩለት ደጅ ነው የሚቀረው።»

ዝም አለ።

«እሺ፣ እስቲ አንተ ስለ ራስህ ንገረኝ።»

«ምን አለኝ ብለህ ነው ልጄ፣ አስተማሪ ነበርኩ» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆየና ቀጠለ። «ስደርስ የቤተ ሙከራው ክፍል ተቆልፎ ቁልፉ የለም፤ ዓመት አልፎታል አሉኝ። በሩን አስፈታሁት። ሸረሪቱ፣ አቧራው፣ አይጡ! ሰባት ቅዳሜ ከልጆቹ ጋራ ዕቃውን አጠብን። በዚያ ዓመት ከክፍሌ አንድ ልጅ ሳይቀር በገዛ እጁ ሽቦ አገናኝቶ አምፑል አብርቷል።»

በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። «አባዬ፣ ይኸን ለማን ነግረህ ታውቃለህ?» አልሁት።

«ማን ጠየቀኝ?»

በሩን «አስፈታሁት» ማለቱን፣ ዕቃውን «አጠብን» ማለቱን ልብ በሉልኝ። አንድም «እኔ» አልተጠራችም፤ አንድም ድርሻ አልተሰረቀም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሄጄ ለኤሌክትሪኩ ልጅ ነገርሁት።

እሱ አሁን ለሌላ መሥሪያ ቤት ተጠርቷል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ትናንት ማታ ሦስታችን አልጋ ላይ ተደርድረን ጠያቂ ሆንን፤ እሱ በፕላስቲክ ወንበር ፊታችን ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ «ተስተካከለ» አለ፤ ሁለት ጊዜ አስቆምነው። በሦስተኛው መሬት መሬት እያየ፣ ግንባሩን ላብ እያጠመቀው ተናገረ። «ሣጥኑን ከፈትሁት። ሦስቱን መስመር አንድ በአንድ ለካሁ። አንዱ ላልቶ አገኘሁት፤ አጠበቅሁት።» ከዚያ ቀና አለና «ጉራ አልሆነብኝም?» ሲል ጠየቀን።

የታሪክ ክፍል ተማሪ የሆነው ጓደኛችን፣ አምፑል መቀየር እንኳ የሚፈራው፣ ከአልጋው ጫፍ ድረስ ተስቦ መጥቶ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፣ አንዱ መስመር ከተቋረጠ ሞተሩ እንዴት መዞሩን ቀጠለ?» አለው።

ልጁ ወረቀት ፈለገ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሥልልን አመሸ።